«ጁን ላይ ሄደን ኮሌጁን ብናየውስ?»

ጥያቄው ከአንዲት እናት የመጣ ነው፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፤ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አንዲት ወዳጄ ሐሪሰንበርግ ከተማ ያለውን ኢስተርን ሜኖናይት ዩኒቨርሲቲ ጠቆመችን። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ቢሆንም ክርስቲያን ኮሌጅ ስለሆነ ልጄ ከክፉ ነገር ትጠበቃለች፣ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ አንድ ነገር ብትሆን ይደውሉልኛል ብዬ አስባለሁ። እኔና ባለቤቴ ዕረፍት የምናገኘው በጁን ስለሆነ ያኔ አንድ ቅዳሜ ሄደን ለማየት አቅደናል። ድረ ገጹ ላይ ያየነው ዋጋ ግን አስደንግጦናል። ከአቅማችን በላይ ከሆነ መሄዱስ ምን ዋጋ አለው?»

ጁን ላይ፣ ያውም ቅዳሜ፣ አይሂዱ። ገበያው በማይውልበት ቀን ገበያ እንደ መውጣት ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች ትምህርት የሚጨርሱት ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ባለው ጊዜ ስለሆነ በጁን መምህራኑ ተበትነዋል፣ ተማሪዎቹም ቤታቸው ገብተዋል። የሚያገኙት ሕንፃውን፣ ሣሩንና አንድ አስጎብኚ ተማሪ ነው። ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሰመርም ሰው አያጣም፤ ትንሽ ኮሌጅ ግን ጭር ይላል። ትንሽ ኮሌጅ ከትልቁ በልጦ የሚሸጠው ነገር ቢኖር ደግሞ ሰው ነው፦ ተማሪውን በስሙ የሚጠራ መምህር፣ ቢሮው ክፍት የሆነ አማካሪ፣ አብሮ የሚበላ ጓደኛ። እነሱ በሌሉበት ቀን ሄዶ መመለስ የሚከፍሉበትን ነገር ሳያዩ መመለስ ነው።

ትክክለኛው ቀን ኮሌጁ የሚያስተምርበት የሥራ ቀን ነው። ልጅዎ 12ኛ ክፍል የምትጀምረው በ2026 መኸር ከሆነ የምመክርዎ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ያለውን ጊዜ ነው። በኦክቶበር መሐል የሚውለውን አጭር የመኸር ዕረፍትና የታንክስጊቪንግን ሳምንት ይዝለሉ። አንድ የሚጠቅም ዘዴ አለ፦ ብዙ የቨርጂኒያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በምርጫ ቀን ይዘጋሉ፣ የግል ኮሌጆች ግን ብዙውን ጊዜ ያስተምራሉ። በ2026 የምርጫው ቀን ማክሰኞ ኖቬምበር 3 ነው። የልጅዎንም የኮሌጁንም ካሌንደር ጎን ለጎን አድርገው ካመሳከሩና ከገጠመ፣ ልጅዎ ክፍል ሳያመልጣት እርስዎም የአንድ ቀን ፈቃድ ብቻ ወስደው ይሄዳሉ። (ዜጋ ከሆኑ ድምፅዎን አስቀድመው ይስጡ፤ በቨርጂኒያ ምርጫው ከመድረሱ 45 ቀን በፊት ጀምሮ ይቻላል።) ቀኑ ካልገጠመም የሃይስኩሉን ካውንስለር ያነጋግሩ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለኮሌጅ ጉብኝት የሚቀር ተማሪን አስቀድሞ ፎርም ከሞላ በፈቃድ እንደቀረ ይቆጥሩለታል።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ይህ ከቤት ሳይወጡ የሚያልቅ ሥራ ነው። ድረ ገጹ ላይ ያዩት ቁጥር አብዛኛው ቤተሰብ የማይከፍለው ቁጥር ነው። የግል ኮሌጆች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ከትዩሽናቸው በአማካይ ከግማሽ በላይ በራሳቸው ስኮላርሺፕ ይቀንሳሉ። የእርስዎን ትክክለኛ ግምት ለማግኘት በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» የሚባለውን ይፈልጉ። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ኮሌጆችን ይህን እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል። የታክስ ሪተርንዎንና የልጅዎን ጂፒኤ ይዘው ከተቀመጡ ከ15 ደቂቃ ብዙም አይፈጅም። ከዚያ ውጤቱን የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በነፃ ከሚያቀርበው «ኮሌጅ ናቪጌተር» ጋር ያስተያዩት። እሱ ቤተሰቦች በገቢያቸው ተከፋፍለው፣ ለምሳሌ ከ48,001 እስከ 75,000 ዶላር ወይም ከ75,001 እስከ 110,000 ዶላር የሚያገኙት፣ በእርግጥ በአማካይ ስንት እንደከፈሉ ያሳያል። ባለቤትዎ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ፣ ወይም የራስዎ ሱቅ ያለዎት ከሆነ ግን ካልኩሌተሩን በጥንቃቄ ይዩት። የግል ሥራ ገቢን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ አንዳንድ ኮሌጆችም ለታክስ የቀነሱትን የመኪና እርጅና መልሰው እንደ ገቢ ይቆጥሩታል።

የቨርጂኒያ ነዋሪ በመሆንዎ ደግሞ ብዙ የኛ ቤተሰቦች የማያውቁት ገንዘብ አለ፤ «ቪታግ» ይባላል። በግዛቱ ውስጥ ባለ የግል ኮሌጅ በሙሉ ጊዜ ለሚማር የቨርጂኒያ ነዋሪ የሚሰጥ ግራንት ሲሆን መጠኑ በዓመት 5,000 ዶላር አካባቢ ነው። ገቢን አይጠይቅም፣ አይመለስም። የሚጠይቀው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ለ12 ወር የግዛቱ ነዋሪ መሆናችሁንና ማመልከቻው እስከ ጁላይ 31 መግባቱን ነው። ሥነ መለኮትን ዋና ጥናታቸው ያደረጉ ተማሪዎች በሕጉ ተከልክለው ኖረዋል፤ ለነርሲንግ ግን አያሰጋም። የፌዴራሉ የገንዘብ ዕርዳታ ማመልከቻ ፋፍሳ በኦክቶበር 1 ይከፈታል። በ2027 መኸር የምትገባ ተማሪ የምታስገባው የ2025ን የታክስ መረጃ ነው።

ስኮላርሺፑን በተመለከተ በጉብኝቱ ቀን ከፋይናንሺያል ኤይድ ሰው ፊት የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፦ ትዩሽኑ ሲጨምር ስኮላርሺፑ ይጨምራል ወይ? ብዙውን ጊዜ አይጨምርም። ትዩሽኑ 40,000 ዶላር፣ ስኮላርሺፑ 22,000 ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ቀሪው 18,000 ነው። ትዩሽኑ በየዓመቱ 4 በመቶ ከጨመረ በአራተኛው ዓመት ወደ 45,000 ይደርሳል፣ የእናንተ ድርሻም ወደ 23,000 ይወጣል። ስኮላርሺፑን ላለማጣት የሚያስፈልገው ጂፒኤ ስንት እንደሆነም ይጠይቁ፤ የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ጂፒኤን የሚቆርጥ ዓመት ነው። ዶርም መኖርና የምግብ ፕላን መግዛት ግዴታ የሚሆንባቸው ዓመታት ስንት ናቸው የሚለውንም አይርሱ። ብዙ ትንንሽ ኮሌጆች ከወላጁ ጋር የማይኖርን ተማሪ ለሁለትና ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዶቹም እስከ መጨረሻው ካምፓስ ውስጥ ያስኖራሉ። ርካሽ አፓርታማ ተከራይቶ ወጪ ለመቀነስ የታሰበው ነገር እዚህ ላይ ይከሽፋል።

ልጅዎ በስሟ ልትበደር የምትችለው የፌዴራል ሎን በመጀመሪያው ዓመት ከ5,500 ዶላር፣ በአራቱ ዓመታት በድምሩ ከ27,000 አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚቀርብልዎ የፌዴራል ብድር «ፓረንት ፕላስ» የሚባለው፣ በእርስዎ በወላጅ ስም የሚወሰደው ነው፤ ይህም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በዓመት 20,000፣ በአንድ ልጅ በድምሩ 65,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጎለታል። አንድ የኮሌጅ ሠራተኛ «ቀሪውን በፓረንት ፕላስ ትሸፍኑታላችሁ» ቢልዎ ዕዳው የእናንተ የጡረታ ዕዳ መሆኑን ይወቁት። የእኔ መመዘኛ ግልጽ ነው፦ በአራት ዓመት ከ27,000 ዶላር በላይ መበደር የሚጠይቅ ከሆነ ለነርሲንግ ዲግሪ አይገባም። ስፕሪንግፊልድ ያለው የኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሕክምና ካምፓስ በጥቂት ገንዘብ የአርኤን (የሙሉ ነርስ) ፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ ያበቃታል፤ ባችለሯን እየሠራች ትጨርሳለች።

ነርሲንጉን በተመለከተ ትንሽ ክፍልና ደግ መምህር አያሳምኑዎ፤ ቁጥር ይጠይቁ። የመጀመሪያው ቁጥር ተመራቂዎቹ የፈቃድ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ በመጀመሪያ ሙከራ የሚያልፉበት መጠን ነው። የቨርጂኒያ ነርሲንግ ቦርድ ከየትምህርት ቤቱ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲያልፍ ይጠብቃል፣ ውጤቱንም በይፋ ያወጣል። ይህን ከመሄድዎ በፊት ያንብቡ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያታልላል። ደከም ያሉትን ተማሪዎች በሦስተኛው ዓመት የሚያራግፍ ፕሮግራም 100 በመቶ ቢያሳልፍ አይገርምም። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተል፦ «ከአራት ዓመት በፊት ነርሲንግ ብለው ከገቡት ስንቶቹ ነርሲንግ ጨርሰው ወጡ?» የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ይህን ቁጥር ያውቃል። ወዲያው ካልመለሰ በኢሜይል እንዲልክ ይጠይቁት፤ ካልላከም መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ልጅዎ የምትገባው በቀጥታ ወደ ነርሲንግ ነው ወይስ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግም ተወዳድራ? «ፕሪ-ነርሲንግ» የሚለው ቃል ዋስትና የለውም። አራተኛው፣ አንድ የነርሲንግ ኮርስ ብትወድቅ ምን ይሆናል? በትንሽ ኮሌጅ ብዙ ኮርሶች በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጡ አንድ ውድቀት አንድ ሙሉ ዓመት ያስጠብቃል፤ ያ ደግሞ ተጨማሪ የዶርምና የትዩሽን ዓመት ነው። አምስተኛው ስለ ክሊኒካል፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ ስለሚደረገው ልምምድ ነው፦ የትኞቹ ሆስፒታሎች ናቸው፣ ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ተማሪዋስ በምን ትሄዳለች? ብዙ ፕሮግራሞች ተማሪው የራሱ መኪና እንዳለው አድርገው ነው የሚያቅዱት፤ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ከተማ ሆስፒታል መድረስ ያለባት ልጅ መኪና ከሌላት በየሳምንቱ የሰው ፊት ታያለች።

አሁን ወደ «ክርስቲያን ነው» ወደሚለው። ክርስቲያን ኮሌጆች እርስ በርሳቸው በእጅጉ ይለያያሉ። ጆርጂያ ውስጥ በሉክአውት ተራራ ላይ ያለው ኮቨናንት ኮሌጅ ወይም የካሊፎርኒያው ባዮላ ተማሪው ሲያመለክት ጀምሮ የግል የእምነት ምስክርነት ይጠይቃሉ። ሚሺጋን ያለው ካልቪንም ሆነ እርስዎ ያሰቡት ኢስተርን ሜኖናይት ግን የማንኛውንም እምነት ተከታይ ይቀበላሉ። ኢስተርን ሜኖናይት በ1917 የተመሠረተ ነው። ሜኖናይቶች ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደሉም፤ ናዝሬት ላይ የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታልን ያቋቋሙት፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተገኘችውም ከእነሱ አገልግሎት ነው። ሕፃን አያጠምቁም፣ በሰላምና ከጦርነት በመራቅ ላይ አጥብቀው ያስተምራሉ፣ ሃይማኖትን በተመለከተ ሁሉም መምህር ልጅዎ በሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችውን አይደግምላትም። ልጅዎ እምነቷን የምታስረዳበት አንደበት ይዛ ትሂድ እንጂ ኮሌጁ ኦርቶዶክሳዊነቷን ይጠብቅልኛል ብለው አይላኳት።

ከመሄዳችሁ በፊት «ስቱደንት ሃንድቡክ» የሚባለውን መመሪያ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ አብራችሁ አንብቡት። ቻፕል (የኮሌጁ የጋራ የአምልኮ ጊዜ) ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ? ግዴታ ከሆነ በሴሚስተር ስንት ጊዜ፣ ለቀረስ ቅጣቱ ምንድን ነው? በሌላ ፆታ ዶርም የመግቢያ ሰዓት፣ መጠጥ፣ የጋብቻና የፆታ ጉዳይ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። በአስጎብኚ አፍ የሚነገረው ለስለስ ይላል፤ በመመሪያው የተጻፈው ግን ልጅዎን የሚገዛት ነው። «ከክፉ ነገር ትጠበቃለች» የሚለውን በተመለከተም እያንዳንዱ የፌዴራል ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ በክሌሪ ሕግ መሠረት እስከ ኦክቶበር 1 የካምፓሱን የወንጀል ሪፖርት ያወጣል። ዜሮ ብቻ የተደረደረበት ሪፖርት የግድ የደኅንነት ምልክት አይደለም፤ ተማሪዎች ደፍረው የማያመለክቱበት ቦታም ዜሮ ያስመዘግባል። «ችግር የደረሰባት ልጅ መጀመሪያ ማን ጋ ትሄዳለች?» ብላችሁ ሁለት የተለያዩ ተማሪዎችን ጠይቁና መልሳቸው መግጠሙን ተመልከቱ።

የጾሙን ነገር በካፌቴሪያው ይፈትሹት። ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ ምግብ ዛሬ በየኮሌጁ አለ፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ምሳ ብዙውን ጊዜ 7 ሰዓት ተኩል ወይም 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እራት 11 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፤ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ልጅ በመሐል ትቀራለች። ምግቡን በሣጥን ይዞ መውጣት ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ የካፌቴሪያውን ኃላፊ እዚያው ጠይቁት። የኛ ፋሲካ ደግሞ ከእነሱ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፦ በ2028 ሁለቱም ኤፕሪል 16 ላይ ይውላሉ፣ በ2030 ግን የእነሱ ኤፕሪል 21፣ የኛ ኤፕሪል 28 ነው፤ ብዙ ኮሌጆች የመጨረሻ ፈተና ወደሚጀምሩበት ሰሞን ማለት ነው። የስቅለት ዕለት ፈተና ቢገጥም ማን ያዛውርላታል?

«ይደውሉልኛል» ያሉትን ግን ከአእምሮዎ ያውጡት። ፈርፓ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ልጁ ኮሌጅ ከገባ፣ 18 ባይሞላውም፣ የትምህርት መዝገቡ ባለመብት እሱ ራሱ ነው። የትዩሽኑን ሂሳብ እርስዎ ቢከፍሉም ውጤቷን የማየት መብት አይኖርዎትም። በታክስ ጥገኛዎ ከሆነች ኮሌጁ ሊነግርዎ ይፈቀድለታል፣ አይገደድም። መፍትሔው ልጅዎ ፈቅዳ የምትፈርመው ፎርም ነው። ይህን ከአሁኑ ከእሷ ጋር ተስማሙ፤ ኮሌጁ ምንም ያህል ትንሽና ደግ ቢሆን ይህን አይለውጠውም።

ጉብኝቱን ለማስመዝገብ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ለአድሚሽን ቢሮ ይጻፍ፤ የምትጽፈው ልጅዎ ትሁን። «ኦፕን ሃውስ» የሚባለውን የጅምላ ቀን ሳይሆን የግል ጉብኝት ትጠይቅ፦ አንድ የነርሲንግ ወይም የአናቶሚ ክፍል መግባት፣ ከነርሲንግ መምህር ጋር 20 ደቂቃ፣ ቻፕል ባለበት ቀን ቻፕል፣ ከተማሪዎች ጋር ምሳ፣ ለወላጆች ከፋይናንሺያል ኤይድ ጋር 30 ደቂቃ፣ ከሁሉም በላይ በዶርም አንድ አዳር። አዳሩ ብዙ ቦታ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ነው፤ የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል፣ የመኝታ ከረጢትና ፎጣ ይዛ እንድትሄድም ሊጠየቅ ይችላል። ለመጎብኘት ለመጣ ተማሪ የማመልከቻ ክፍያ የሚሰርዙ ወይም ትንሽ ስኮላርሺፕ የሚጨምሩ ኮሌጆች ስላሉ ይህም በኢሜይሉ ላይ አንድ መስመር ይገባው።

መንገዱ በአይ-66 ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ በአይ-81 ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከዋዜማው ከትምህርት ቤት መልስ ተነስታችሁ፣ ልጅዎ ዶርም፣ እናንተ ሆቴል እደሩ። በማግስቱ ክፍል ስትገባ አብራችሁ አትግቡ። እናንተ በዚያ ሰዓት የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ናችሁ። ምሳ ላይም ከአስጎብኚው ተለይታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥና ሁለት ነገር ትጠይቅ፦ «ባለፈው ቅዳሜ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» እና «ከናንተ ጋር ጀምሮ ኮሌጁን የተወ ጓደኛ አለ? ለምን ተወ?» የመጀመሪያው ስለ ብቸኝነት፣ ሁለተኛው ስለ ኮሌጁ ድክመት ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጥ ይናገራል። ቃለ መጠይቅ ካለ ደግሞ እርስዎ አይመልሱላት። ልጆቻችን በትልቅ ሰው ፊት አንገት ደፋ ማድረግን ከቤት ተምረውታል፤ አሜሪካዊው አድሚሽን ኦፊሰር ያንን አክብሮት «ፍላጎት የላትም» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ከመሄዷ በፊት ቤት ውስጥ ተለማመዱት።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ሐሪሰንበርግ ያለውን ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሳታዩ አትመለሱ። የመንግሥት ነው፣ ከ20,000 በላይ ተማሪ አለው፣ ነርሲንግ ያስተምራል፣ ለቨርጂኒያ ነዋሪም የትዩሽን ዋጋው የተለየ ነው። ትንሹን ከትልቁ ጋር በአንድ ቀን አይታ ልጅዎ በትንሹ ውስጥ ትንፋሽ ያጥራት ወይም ትረጋጋ እንደሆነ ራሷ ትለየዋለች። ሁለት ትንንሽ ኮሌጆችን በአንድ ቀን ማጨቅ ግን አይጠቅምም፤ ማታ ላይ የትኛው የቱ እንደነበር ይምታታባችኋል።

ትንሽ የግል ኮሌጅ ሊዘጋም እንደሚችል ይታወቅ። ኒውዮርክ ያለው፣ ቀድሞ ናያክ ይባል የነበረው አላያንስ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ተዘግቷል፤ ማሳቹሴትስ ያለው ኢስተርን ናዝሪን ኮሌጅም በ2024 ሊዘጋ መሆኑን አስታውቋል። ከየትኛውም ኮሌጅ በፊት ሦስት ነገር ይዩ፦ ለኮሌጁ አክሬዲቴሽን (የጥራት ዕውቅና) በሚሰጠው አካል ድረ ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ወይም ፕሮቤሽን የሚል ቃል አለ ወይ፤ የአምስት ዓመት የተማሪ ቁጥር እየወረደ ነው ወይ፤ የትምህርት ሚኒስቴሩ የሚሰጠው የፋይናንስ ነጥብ ስንት ነው? ነጥቡ ከ-1.0 እስከ 3.0 ሲሆን 1.5ና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው፤ ከ1.0 በታች ከሆነ ልጅዎን አይላኩ።

ማመልከቻው ከጉብኝቱ በፊት፣ በሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር፣ ቢገባ ይሻላል፤ የነርሲንግ ቦታ ውስን ስለሆነ ጎብኝታችሁ እስክታመለክቱ ሊሞላ ይችላል። ዲፖዚት (የቦታ ማስያዣ ገንዘብ) ግን በጉብኝቱ ዕለት አይክፈሉ። የተለመደው የመወሰኛ ቀን ሜይ 1 ነው፤ ከዚያ በፊት ክፈሉ ከተባላችሁ እስከ ሜይ 1 ድረስ ብትተዉት ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። የሌላ ኮሌጅ የተሻለ የገንዘብ ደብዳቤ ከመጣላችሁም ማርች ወይም ኤፕሪል ላይ ቅጂውን አያይዛችሁ ስኮላርሺፑ እንዲሻሻል ጠይቁ፤ ዲፖዚት ከከፈላችሁ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄን ማንም በጥድፊያ አያየውም።